ጉም «እኔን!» ያለ ዕለት

እናንተዬ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ ከመምህር ባየው የበለጠ ጨዋ ሰው ፈልገህ አምጣ ብትሉኝ፣ እግሬ እስኪነቃ ብዞር ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ሽማግሌ ከሩቅ ሲያይ በዚያ ብርድ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባጃጅ እግሩን ረግጦት ቢያልፍ ሾፌሩን ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። የሚያስተምረውስ ምን መሰላችሁ? ግብረገብ! ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በበር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን የሚመታ ረጅም፣ ትከሻው ሁለት ሰው የሚያህል፣ ድምፁ ግን ከክፍሉ የመጨረሻ ወንበር የማይደርስ።

ታዲያ ይኸው መልአክ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ጭንብል አጥልቆ ሰው ሲያንገላታ ይውላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አታምኑኝም። ደብረ ብርሃንም አልጠረጠረችም። አሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ በሚታየው ሬስሊንግ «ጉም» እየተባለ የሚጠራው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው፣ አንድ ቃል እንኳ ተናግሮ የማያውቀው ክፉ እሱ ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ቦክሰኛ ነው ይላል፤ ሌላው ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ይምላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው ያሉም ነበሩ። ምስኪኑ ዘበኛ በየሄደበት ሲገላመጥ ከረመ።

ነገሩ የተጀመረው የዳግም ባጃጅ ቦይ ውስጥ የገባች ቀን ነው። ዳግም ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ቅዳሜ ደግሞ የሬስሊንጉ ጀግና ነው፤ መልከ መልካም፣ ሳቂታ፣ ከተማው የሚወደው ልጅ። ባየው በዚያ ሲያልፍ አየውና ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ባጃጇን ከነዳግም ብድግ አድርጎ አስፋልቱ ላይ አቆማትና፣ ቀለሟን ትንሽ ስለጫራት ይቅርታ ጠየቀ። ዳግም አፉን ከፍቶ ቀረ። በማግሥቱ እጁን ይዞ ኪዳነወልድ ዘንድ ወሰደው። ኪዳነወልድ ማለት ያን ትርኢት የፈጠረው፣ በወጣትነቱ ክብደት ሲያነሳና ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው።

«ጀግና ሞልቶኛል» አለው ኪዳነወልድ ከእግር እስከ ራሱ እያየው። «ፊቱ የሚያምር ሁሉ ጀግና ልሁን ይለኛል። የቸገረኝ ክፉ ሰው ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ለክፋት አልሆንም።»

«ፊትህን ሸፍንና ሞክራት እስቲ።»

ሸፈነና ሞከራት። ጭንብሉ ከአሮጌ በርኖስ የተቆረጠ ጥቁር የበግ ሱፍ ነው፤ ፊት ያሳክካል፣ ከኋላ በክር ይታሰራል። ባየው ያን ሲያጠልቅ ምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፤ ብቻ ደረቱ ተነፋ። ሰው በምን እንደሚያርር ለማወቅ ደግሞ ማን እንደ እሱ! ሳምንቱን ሙሉ ለልጆች «ይህን አታድርጉ፣ ያን አታድርጉ» ሲል የከረመውን ሁሉ ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ ያደርገዋል። የተዘረጋ እጅ ሳይጨብጥ ያልፋል። ለሰላምታ ለተነሳ ሰው ጀርባውን ይሰጣል። ዳኛው ሲናገር ያዛጋል። የዳግምን ነጭ ጋቢ አንስቶ ጫማውን የጠረገበት ዕለትማ መጋዘኑ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ባየው በጭንብሉ ውስጥ ሆኖ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ፤ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ኮራ።

መቼም መውደቁም መነሳቱም ተነጋግረው እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል። ማወቁን ግን በር ላይ ትቶት ነው የሚገባው። አሸናፊው ማን እንደሚሆን መንገደኛም ቢጠይቅ ይነግሩታል፤ ማንም የማያውቀው ጭንብሉ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ኪዳነወልድም «ፊትህ የታወቀ ቀን ጉም በነነ በቃ» ብሎ አስጠንቅቆታል።

ባየው ግን መታወቁን የሚፈራው በሌላ ምክንያት ነበር፤ በእናቱ።

እትዬ ወለተሐና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥግ አልተነሱም ነበር። በገበያ ድምፃቸው ከዳር እዳር ይሰማ የነበረ፣ በዋጋ ክርክር ነጋዴ የሚያስለቅሱ ሴት፣ ኩርምት ብለው ግድግዳ ማየት ሆነ ሥራቸው። ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጊዜ ቆርሰው «በቃኝ» ነው። ባየው የሚያደርገው ጠፋው። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው አስካለማርያም «ዛሬስ እምቢ ቢሉኝ አልሰማም» ብላ በግድ ጎትታ መጋዘኑ ወሰደቻቸው። ባየው መድረክ ላይ ቆሞ እናቱን ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ሲያይ የያዘውን የዳግምን ክንድ ለቀቀው። ቢሆንም ጉም ነውና ቀጠለ፤ ዳግምን ጥሎ፣ ከተመልካቹ አንዱ ለዳግም ያቀበለውን ውኃ ከእጁ ነጥቆ በጭንቅላቱ ላይ አፈሰሰበት።

እትዬ ወለተሐና ብድግ አሉ።

«አንተ እርጉም!» አሉ፤ ያ የገበያ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ። «እጅህ ይቆረጥ! ለመሆኑ እናትህ ምን በልታ ነው የወለደችህ?»

የዚያን ዕለት ቤት ገብተው እራታቸውን ጥርግ አድርገው በልተው ሌላ ጨመሩ። ባየው አፉን ይዞ ተቀምጦ እያየ፣ የራሱን ክፋት ከሀ እስከ ፐ ተረኩለት። «አንተማ ምን ታውቃለህ» አሉት በመጨረሻ፣ «ቅዳሜንም ልጅ ስታስጠና። ምነው እንደ ዳግም ትንሽ ወኔ ቢኖርህ!» ባየው ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ ነበር ያላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ገበያ ወጡ። ጠጉራቸውን ተሠሩ። ሳምንቱን ሙሉ ለጉም የሚሆን ስድብ ሲያዘጋጁ ይከርማሉ፤ መጋዘኑ ሙሉ ሰውም የሚጮኸው እሳቸውን ተከትሎ ነው።

እርግማኑን አይፈራም ወይ ካላችሁኝ፣ ይፈራል እንጂ! የእናት እርግማን ነው! እሁድ እሁድ ጠዋት ኪዳነምሕረት ተሳልሞ «ሳታውቅ ነው፣ አትቁጠሪባት» እያለ ይማፀናል። ግን ጭንብሉን አያወልቅም። እናቱ የሚረግሙት የገዛ ልጃቸውን መሆኑን ያወቁ ቀን አፋቸው ይዘጋል። አፋቸው ከተዘጋ ደግሞ ቅዳሜ የለም፤ ተመልሰው ያችን ጥግ ይይዛሉ።

አንድ ድክመት ነበረችበት፤ ኪዳነወልድ ገና በልምምድ ነው የነቃባት። ዳግም በወደቀ ቁጥር ባየው «እኔን!» ይላል። ምን ያድርግ? ሰው ሲወድቅ አይቶ «እኔን!» ሳይል ያደገ ሰው የት አለ? ራሱ ይጥለዋል፣ ራሱ «እኔን!» ይለዋል። ኪዳነወልድ ሳቁ ሲያልቅ «እንዲህ ያለ አረመኔ አይቼም አላውቅ» አለና፣ ጉም ፈጽሞ የማይናገር እንዲሆን የወሰነው ያን ጊዜ ነው። ባየውም ጥርሱን መንከስ ለመደ። አሥራ አንድ ቅዳሜ አንዲት ቃል ሳያመልጠው አለፈ።

አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ አንኮበር ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ኪዳነወልድ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ሜዳ ላይ ሳንቃ ረብርቦ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ አራት እንጨት ተክሎ በገመድ አጠረ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ከመዘዞ የመጡ ነበሩ፤ ከአልዩ አምባ ለገበያ ወጥተው ሸቀጣቸውን ሸጠው ቁልቁለቱን ከመውረድ ይልቅ የቀሩም ነበሩ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ሜዳውን ይሸፍንና መልሶ ይገልጣል። ኪዳነወልድ እጁን እያፋተገ «ሰማዩም አብሮን እየሠራ ነው!» አለ።

ሜዳ ነውና ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። እትዬ ወለተሐና ከአስካለማርያም ጋር በሚኒባስ ደርሰው ጉልበታቸውን እያሹ ሲጠጉ ግን፣ ሦስት ሰው ተሻምቶ ከአንድ ሻይ ቤት ወንበር አመጣላቸው። መድረኩ ሥር፣ ከፊት አስቀመጧቸው። ከአጠገባቸው ጋሽ ፈረጅ የሚባሉ የአልዩ አምባ የበርበሬ ነጋዴ ቆመዋል፤ እትዬ ወለተሐና ስለ ጉም ክፋት ገና ከአሁኑ እያስረዷቸው ነበር።

ባየው እንደዚያን ዕለት ሆኖ አያውቅም። ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሰው እየገፋ ሳይሆን ሰው እየሸሸው። መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ እጃቸውን ለዘረጉለት የአገር ሽማግሌ ጀርባውን ሲሰጥ ሜዳው ጮኸ። እትዬ ወለተሐና «ይኸውላችሁ! አላልኳችሁም?» እያሉ አንኮበሮችን አስተባበሩ። ሁሉም እንደታሰበው ሄደ። ዳግም መታ፣ ጉም ወደቀ። ጉም ዓይን ወጋ፣ ዳኛው አላየም። ባየው በልቡ «ዛሬስ አንደኛ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ አንደኛ ነበር።

ቀጥሎ ዳግምን ወደ ገመዱ መወርወር ነበረበት። ዳግም በገመዱ ነጥሮ ሊመለስ ነው ነገሩ። ወረወረው። ለካስ ገመዱ በጉሙ ርሶ ቋጠሮው ላልቷል፤ ተፈታ። ዳግም በሳንቃው ጠርዝ አልፎ፣ ከፍራሹም ከሁሉም ውጭ፣ ጠጠሩ ላይ በጎኑ ዷ ብሎ ወደቀ።

«እኔን!» አለ ጉም።

እንደ ባየው የክፍል ድምፅ እንዳይመስላችሁ፤ ከሆዱ የወጣ ነው። «እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!» እያለ ከመድረኩ ዘሎ ወረደና ዳግም አጠገብ ተንበረከከ፤ ራሱን ደግፎ ያዘው።

ከፊት የቆሙት አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ደህና ነኝ» አለ ዳግም ከንፈሩን ሳያነቃንቅ። ክርኑ ተልጧል፣ ትንፋሹ ተቆርጧል እንጂ ሌላ የሆነው የለም። «ኧረ ዝም በል፣ ታበላሸዋለህ! ምታኝና ተነስ!»

ባየው የሚያደርገው ጠፋው። ክፋት ሁሉ ከራሱ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ቀና ሲል ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቀው፤ ሰዉ እየሳቀለት ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንጀታቸው ተላውሷል።

«ወላሂ፣ ይሄን ልጅ እናት ነው ያሳደገችው!» አሉ ጋሽ ፈረጅ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ያን ጨርቅ አውልቀው። ፊትህን እንይና አላህ ይባርክህ ብለን እንመርቅህ!»

«አውልቅ! አውልቅ!» አለ ሜዳው በፍቅር። «የማን ልጅ ነህ? አውልቅና እንሳምህ!»

በጥላቻ ቢሆን ባየው መቶ መልስ ነበረው። ለፍቅር ግን ምንም አላዘጋጀም። ሁለት ወጣቶች እየሳቁ ከኋላው መጥተው የጭንብሉን ክር ያዙ። ኪዳነወልድ ከመድረኩ ማዶ ራሱን ይዞ ቆሟል። ባየው ዓይኑን ወደ እናቱ ወንበር ወረወረ፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

እትዬ ወለተሐና እያነከሱ ወደ እሱ እየመጡ ነበር።

ፊታቸውን ሲያይ አለቀ፣ አውቀውኛል አለ። እንዴት አያውቁ! «እኔን ድፍት ያርገኝ» የሚለው ቃል ከነዜማው የራሳቸው ነው፤ በሕፃንነቱ ደረጃ ላይ በተንከባለለ ቁጥር የሰማው። ሁለቱን ወጣቶች «ዞር በሉ፣ ይሄን ለኔ ተዉልኝ!» ብለው ገፉና አጠገቡ ደረሱ። በጭንብሉ ቀዳዳ ዓይኑን ትኩር ብለው አዩት። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልለየለትም። ከዚያ አንገቱን የሚያንቁ መስለው ጎንበስ አሉና በጆሮው፦

«ማጠናከሪያ ትምህርት ነው አይደል?» አሉት።

«እማዬ፣ ይቅርታ...»

«ዝም በል! ይሄ ሁሉ ሰው እያየ ይቅርታ ትላለህ?» የላላውን ክር በጣታቸው አጥብቀው ቋጠሩት፤ ጭንብሉ ግንባሩን እስኪያመው ድረስ። «ሊመርቁህ ነው እኮ! ሊመርቁህና ሊጨርሱህ! ቅዳሜዬን ልታጠፋብኝ ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሂድና ወንበሬ ላይ ተቀመጥ።»

ባየው ያልሰማ መሰለው። «አንቺ ቆመሽ? በዚህ ጉልበትሽ? ምን በወጣኝ!»

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ።»

ቀና አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እናንተም አመናችሁት?» አሉ፤ ድምፃቸው ከገደሉ ማዶ ይሰማል። «ራሱ ጥሎት ራሱ 'እኔን!' ይለዋል! እኛን ቂል ሊያደርግ ነው! እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እያየሁ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ሰው ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም! ይኸው እዩት፣ እዩት ምን እንደሚያደርግ!»

ሁሉም ወደ ጉም ዞረ።

ጉም ተነሳ። እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ኩንታል ከበደው። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አሮጊት በትከሻው ታክኮ አለፋቸው። ወንበራቸው ዘንድ ደረሰ። የወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለውን ነጠላቸውን በሁለት ጣቱ አንስቶ እንደ ቆሻሻ ለአስካለማርያም ወረወረላት። ከዚያ ተቀመጠ።

ሽማግሌው አዩ፣ ሴቶቹ አዩ፤ አንድ ጎረምሳ ሸዋ ውስጥ፣ በአደባባይ፣ እናት የምታህል ሴት አስነስቶ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ የተነሳውን ጩኸት አንኮበር ከተቆረቆረች ወዲህ ሰምታ ታውቅ እንደሆነ እንጃ።

«አዑዙ ቢላህ!» ጋሽ ፈረጅ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «ምርቃቴን አንስቻለሁ! ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ!»

«ጣሉት! አንሱት! ዳግም፣ ተነስ!» እያለ ሜዳው ተናወጠ። ፊቱን እንይ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም፤ የዚያን ፊት ማን ማየት ይፈልጋል! ዳግምም ክርኑን ይዞ ተነስቶ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሲያገሳ፣ ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ኪዳነወልድ ወደ ሰማይ አንጋጦ ያማትባል።

እትዬ ወለተሐና ከሕዝቡ ፊት ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ይራገማሉ። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ዓይናቸው ያበራል። ሁለት ዓመት ጥግ ይዘው ግድግዳ ያዩ የነበሩት እኚህ ናቸው ብትሉ ማን ያምናል? «እናትህን አሳየኝ!» ይላሉ። «እንዲህ ያለ ጉድ የወለደችዋን ሴት አንድ ቀን አሳዩኝ!» ሰዉ ተቀብሎ «እናቱን አሳዩን!» ይላል።

ባየው ግን የሚያየው ጉልበታቸውን ነበር። ቀኙ እየራደ ነው። በአስካለማርያም ትከሻ ተደገፉ፤ እንደገና ለቀቁ። ሰውነቱ ሁሉ ተነስ፣ ተነስና አስቀምጣት ይለዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነዋ የኖረው። አልቻለም። እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ ከወንበሩ ስንዝር ያህል ብድግ አለ።

እናቱ አዩት። እርግማናቸውን ሳያቋርጡ፣ በልጅነቱ እንግዳ ፊት ሲያጠፋ የሚያፈጡበትን ያንን ዓይን አፈጠጡበት።

መምህር ባየው የእናቱን ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ፤ እግሩን በእግሩ ላይ አነባበረ።